ከታይዋን የገዛኋት ማጉያ እና የቤቴ ትሎች

የመጀመሪያዋን ትል ያየኋት መታጠቢያ ቤት ነው። ሌሊት እግሬን ልታጠብ ገብቼ፣ የፍሳሽ መውረጃው ክዳን አጠገብ አንዲት ጥቁር ክር የመሰለች ነገር ስትንፏቀቅ አየሁ። ርዝመቷ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። ውሃ ደፋሁባት፣ ሄደች። በማግስቱ ሦስት ሆነው መጡ።

እኔ ትል የምፈራ ሰው አይደለሁም። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ሙቀቱንም አቧራውንም በረሮውንም አብሮ ለምዶታል። ግን ቤት ውስጥ ሕፃን አለ። እናቴ ደግሞ «ይሄ ከሰው ሆድ የወጣ ነው» ብላ ቤቱን አሸበረችው። ሁላችንም የሆድ ትል መድኃኒት እንድንውጥ ተፈረደብን።

መድኃኒት የሚረጭ ሰው ጠራሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ታንከሩን በጀርባው አዝሎ መጣና «የት የት ነው?» አለ። አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ እንኳን አላየም። ከሳሎን እስከ ጓዳ ረጭቶ 2,500 ብር ተቀብሎ ሄደ። እኛ በዚያ ፀሐይ ግማሽ ቀን ጎረቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ቤቱ ሁለት ቀን ሸተተ። በአምስተኛው ቀን ትሏ ተመልሳ እዚያው ክዳን ላይ አገኘኋት። ስደውልለት «ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል» አለኝ። ምን ዓይነት ትል እንደሆነች ጠየቅኩት።

«ትል ናታ! ትል ምን ዓይነት አለው?»

አለው እንጂ። ማጉያዋን የገዛሁት ያን ቀን ተናድጄ ነው።

ስልክ ካሜራ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትቆነጠጥ ትንሽ ሌንስ ናት። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ፣ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነው ያገኘኋት። ልጁ 600 አለኝ፣ በ450 ተስማማን።

«አንቺ፣ ለሽፋሽፍት ሥራ ነው?» አለኝ። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፣ ዕድሜዬ የእናቱን ቢያክልም።

«ለትል ነው» አልኩት።

«አቦ ተይኝ!» ብሎ ሳቀ።

ሳጥኑ ላይ 20 እጥፍ ታጎላለች ይላል። እኔ አላመንኩትም፣ ግን የጉንዳን ዓይን ታሳያለች። ከሚታየው ነገር ሁለት ጣት ያህል መራቅ አለባት። ከዚያ ትንሽ ራቅ ወይም ቀረብ ካለች ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። እጅ ከተንቀጠቀጠም አለቀ። እኔ ስልኩን ሁለት ብርጭቆ ላይ አስደግፌ፣ ትሉን ነጭ ሳህን ላይ አድርጌ ነው የማየው። ለምግብ የማንጠቀምበት ሳህን ነው፤ እናቴ እንዳታነብብኝ።

የመታጠቢያ ቤቷን ትል ሳያት ምን አየሁ መሰላችሁ? ጥቁር፣ ጠንካራ ጭንቅላት አላት። እግር የላትም። ጀርባዋ ላይ ቀለበት በቀለበት የተደረደሩ ጠቆር ያሉ ትንንሽ ሳህኖች አሉ። ጭራዋ ላይ ደግሞ የምትተነፍስበት አጭር ቱቦ። የሆድ ትል እንዲህ ያለ ጭንቅላት የለውም። ይቺ የነፍሳት እጭ ናት። ወላጇንም እዚያው ግድግዳ ላይ አገኘኋት። ክንፏ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ፀጉራም፣ ስትነኳት ትንሽ በረር ብላ መልሳ የምታርፍ ግራጫ ትንኝ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ በየመታጠቢያ ቤቱ አለች። እንቁላሏን የምትጥለው የፍሳሽ ቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሚጋገረው፣ በሚያሙለጨልጨው ጥቁር እድፍ ላይ ነው። ልጆቿ የሚበሉትም እሱን ነው። ሰውየው ሳሎኑን ሲረጭ እነሱ ቱቦው ውስጥ ምሳቸውን እየበሉ ነበር።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ መውረጃው አፍ ላይ ግልጽ ስኮች ለጠፍኩ፣ ተለጣፊውን ወደታች አድርጌ፣ ዳር ዳሩን ለአየር ትቼ። ጠዋት አራት ትንኞች ተለጥፈው አገኘሁ። ከዚያ የጡጦ ብሩሽ ገዝቼ ቱቦውን እጄ እስከደረሰ ድረስ ፈገፈግኩ። የወጣውን ነገር አልነግራችሁም። በረኪና ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፣ እድፉ ላይ አልፎ ይሄዳል። መፈግፈግ ነው። ሁለት ሳምንት ደጋገምኩት፣ ጠፉ። የብሩሹ ዋጋ 80 ብር ነው።

ከዚያ በኋላ ሱስ ሆነብኝ። ቤት ውስጥ የሚንፏቀቅ ነገር ሁሉ ሳህኑ ላይ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የማየው እግር ነው። ከጭንቅላቱ አጠገብ ሦስት ጥንድ እግር ካለው የነፍሳት ልጅ ነው። ከሦስቱ ጥንድ ሌላ ሆዱ ሥር ደልደል ያሉ የሥጋ እግሮች ካሉት የቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ልጅ መሆኑ አይቀርም። እግር ጨርሶ ከሌለውና አፉ ሾጠጥ፣ ቂጡ ሰፋ ያለ ከሆነ የዝንብ ነው፤ በሰፊው ጫፍ ላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ፣ ግን መተንፈሻዎቹ ናቸው። በየቀለበቱ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር ካለው ደግሞ ሺ እግር ነው፣ ነፍሳት እንኳን አይደለም፤ ጠርጋችሁ ወደ ውጪ ጣሉት።

የሽሮዬ ነገር በዚህ ተፈታ። ዱቄቱ በቀጭን ክር ተሰፍቶ እብጥ እብጥ ብሎ ነበር። «ነቀዝ ነው» ብዬ ልጥለው ነበር። በማጉያዋ ሳየው ክሬም ቀለም፣ ቡናማ ጭንቅላት፣ ከፊት ስድስት እግር፣ ከኋላም እነዚያ የሥጋ እግሮች። የእሳት እራት ልጅ ናት፣ ክሩን የምትፈትለው እሷ ናት። ነቀዝ ቢሆን ልጁ እህሉ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድገው፣ እኛ የምናየው ቀዳዳውን ነው። ልዩነቱ ምን ያደርግልኛል ካላችሁ፣ እራቷ የምትመጣው ከሌላ ዕቃ ነው። ምንጩን ፈልጌ ቁም ሣጥን ጥግ የተረሳ የለውዝ ፌስታል አገኘሁ። እሱ ተጣለ፣ ሽሮውም ተጣለ። አዲስ የማስፈጨውን አሁን አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አሳድራለሁ።

ሐረር ይዣት የሄድኩ ቀን ግን በጣም ኮራሁባት። ጀጎል ውስጥ የጓደኛዬ እናት ቤት ምንጣፉ ተበልቷል ተባለ። የአደሬ ቤት የገባችሁ ታውቃላችሁ፣ ነደባው (የሚቀመጡበት መደብ) ሁሉ በምንጣፍና በትራስ የተሞላ ነው። እናትየዋ «ብል ነው» ብለው ናፍታሊን በየጥጉ በትነዋል፤ ቤቱ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይሸታል። የምንጣፉን ጠርዝ ስንገልጠው ከሥሩ ቡናማ ፀጉራም ነገሮች በብዛት አሉ። እናትየዋ ጮኹ። አንዱን ወስጄ በስልኩ ሳሳያቸው፣ ቀለበቱ ቡናማና ፈዛዛ እየተፈራረቀ፣ ጀርባው በሙሉ ፀጉር፣ ጭራው ላይ እንደ ብሩሽ የቆመ ነገር። ይሄ ብል አይደለም። ብል የምትባለው የእሳት እራት ልጅ ነጭና ለስላሳ ናት፣ በክር የተሠራ ቱቦ ውስጥ ነው የምትኖረው። ይሄ የምንጣፍ ጢንዚዛ ልጅ ነው። እናትየውን ጢንዚዛ መስኮቱ ሥር ሞታ አገኘናት፣ ክብ፣ የምስር ክክ ታክላለች። ካደጉ በኋላ አበባ ላይ ነው የሚውሉት፣ ምንጣፍ የሚበሉት በልጅነታቸው ነው።

ከሁሉም የገረማቸው ግን ከዚያ ሁሉ ክምር በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። ሌላው ባዶ ቆዳ ነው። እያደጉ ሲሄዱ የሚጥሉት። እናትየዋ ስልኩን ከእጄ ወስደው «አሁን ይሄ ልብሱን ቀይሮ ነው የሄደው?» አሉ። ሳቅን። ምንጣፉ ፀሐይ ላይ ወጣ፣ ተወቀጠ፣ የነደባው ስንጥቅ በመጥረጊያ ተጠረገ። ናፍታሊኑ ክፍት ክፍል ውስጥ ያን ያህል አይሠራም፣ ተዘግቶ በሚቀመጥ ሣጥን ውስጥ ካልሆነ። ፀጉሩ ቆዳ ላይ ሊያሳክክ ስለሚችል በእጅ አትዛቁት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለድሬ ሰው ይቺ ማጉያ ገንዘቧን የምታወጣው በውሃ በርሜል ነው።

እኛ ጋ ውሃ በተራ ነው። ሮቶ የሌለው በርሜል፣ በርሜል የሌለው ጀሪካን አለው። ክዳኑ ከተዘነጋ ሳምንት ሳይሞላው ውሃው ውስጥ የሚወራጩ ትንንሽ ነገሮች ይታያሉ። ልጅ ሆነን «የውሃ ትል» ነበር የምንላቸው። የወባ ትንኝና የዘመዶቿ ልጆች ናቸው። አንድ ማንኪያ ውሃ በነጭ ሳህን ቀድታችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ከውሃው ፊት ጋር ጋደም ብሎ፣ እንደ ተንሳፈፈ ስንጥር የሚተኛው የወባዋ ትንኝ ልጅ ነው። ጭንቅላቱን ወደታች ዘቅዝቆ፣ በጭራው ቱቦ ከውሃው ፊት ላይ የሚንጠለጠለው የሌሎቹ ነው። በማጉያዋ ቱቦው ይለያል፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈዋ ዓይነት፣ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ማታ ማታ ጆሮ ላይ የምትዘፍነው ተራዋ ቢንቢ።

ዴንጊ እንደ ፈረንጆች በ2013 ከተማችን ውስጥ ምን እንዳደረገ የነበርን እናውቃለን። በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፣ ሰዉ መገጣጠሚያውን ይዞ እያነከሰ ነበር የሚሄደው። ወባን በተመለከተ፣ ድሮ «ወባ ክረምት ካለፈ ነው፣ ረግረግ ዳር ነው» እንል ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ ይሄን ገለበጠችው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እንደ ፈረንጆች በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። እሷ ረግረግ አትጠብቅም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2022 በበጋው ድሬ ላይ ወባ የተነሳውም ከእሷ ጋር ተያይዞ ነው። ማጉያዋ ስቴፈንሲ ናት አይደለችም ብላ አትነግራችሁም፣ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ግን በእኔ በርሜል ውስጥ ጋደም ብሎ የተኛውን ሳይ ያን ቀን ክዳን አስገዛሁ። ከእንቁላል እስከ መብረር ሳምንት ከምናምን ነው፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ማፍሰስ ነው። የበርሜሉን ግድግዳም መፈግፈግ፣ የዴንጊዋ እንቁላል እዚያ ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ወራት ይቆያል።

የማጉያዋን ድክመት ልንገራችሁ። መቆንጠጫዋ ስፕሪንግ ደካማ ናት፣ ስልካችሁ ወፍራም ሽፋን ካለው ትንሸራተታለች። የምስሉ ዳር ዳር ሁሌም ይደበዝዛል። ማታ ያለ መብራት ከንቱ ናት። አብራ የምትመጣው ቦርሳ በሁለተኛው ሳምንት ተቀደደች።

ሌላው ችግር የሰፈር ሐኪም ማድረጓ ነው። በቀደም አንድ ጎረቤቴ በክብሪት ሣጥን የሆነ ነገር ይዞ መጣ። «እስቲ በዛ ነገርሽ እዪልኝ፣ አልጋዬ ላይ ያገኘሁት ነው» አለኝ። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ አራት ማዕዘን የመሰለ፣ ቀስ ብሎ ይኮማተራል። ጭንቅላት የለውም፣ እግር የለውም፣ አፍ የለውም። ትል እንኳን አይደለም፣ የትል ቁራጭ ነው።

«ጥሬ ሥጋ ትበላለህ አይደል?» አልኩት።

«ማን የማይበላ አለ?»

«ኮሶ ይመስላል። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሣጥኑንም ይዘህ ሂድ።»

ተቀየመኝ፣ ግን ሄደ። ሳህኑን በፈላ ውሃና በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ከዚያ ጣልኩት።

ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ስልካችሁ ላይ አስቆንጥጣችሁ ሞክሯት። የብር ኖት ላይ ያለውን ትንንሹን ጽሑፍ አሳዩዋት፤ መሃሉ ጥርት ካላለ አስቀይሩ። ልጁ ከ450 በታች አልወርድ ካለ «ለትል ነው» በሉት፣ እኔን ያስታውሳል።