«2 ቴራ» የሚል ፍላሽ በርካሽ ሲቀርብላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ

ትልቅ መጠን የተጻፈበት ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ከሌሎቹ በጣም በወረደ ዋጋ ካያችሁ፣ እባካችሁ አትግዙ። ዋናው መልእክቴ ይኸው ነው። ምክንያቱንም ላስረዳ፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ሰክተህ እየው» ሲለው በቀላሉ አይሸወድም።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰዎች ይዘውብኝ ከሚመጡት ችግር ሁሉ አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። ስክሪን ቢሰበር ይቀየራል። ኪቦርድ ላይ ውሃ ቢፈስ ይጸዳል፣ ካልሆነም ሌላ ይገዛል። የጠፋ የልጅ ፎቶ ግን ከየት ይገዛል?

አንዲት ተመራቂ ተማሪ መጣች። የመመረቂያ ጽሁፏን፣ ለጥናቱ የቀዳቻቸውን ቃለ መጠይቆችና የቤተሰቧን ፎቶ በሙሉ «2 ቴራ» የሚል ፍላሽ ላይ ገልብጣ ላፕቶፗን ፎርማት አስደርጋለች። ፍላሹን ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ተደርድረው ታዩ። ስማቸው ልክ ነው። መጠናቸውም ልክ ነው። መጀመሪያ የገለበጠቻቸውን ከፈትናቸው፣ ሠሩ። ወደ ታች ስንወርድ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ብቻ ሆነ። አንዱን ዘግተን ሌላውን ብንከፍት ያው ነው። «ስገለብጥ እኮ ምንም ስህተት አላለኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላላትም።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዳታው የሚቀመጥበት ቺፕ ነው፤ ሌላው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው መቆጣጠሪያ ነው። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ቺፑን ሳይሆን መቆጣጠሪያውን ነው። አጭበርባሪዎቹ የሚነካኩትም እሱኑ ነው። እውነተኛ መጠኑ 32 ወይም 64 ጊጋባይት የሆነውን ዕቃ «2 ቴራባይት (2000 ጊጋባይት ገደማ) ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ፕሮግራሙን ይቀይሩታል። ዊንዶውስም ሆነ ማክ የተነገረውን ተቀብሎ ያሳያል። ስለዚህ ሰክታችሁ ያያችሁት ቁጥር ምንም ማስረጃ አይሆንም።

እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ነገር በደህና ይሄዳል። ከሞላ በኋላ የሚመጣው ዳታ ወይ የትም አይጻፍም፣ ወይ ደግሞ ዞሮ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው መጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ማውጫው ደህና ሆኖ ገጾቹ እንደተገነጠሉ መጽሐፍ ማለት ነው። ስሙን ታያላችሁ፣ ውስጡ የለም።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ጊዜው ነው። አብዛኛው ሰው አዲስ ፍላሽ ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን አይሞላውም። ጥቂት ዘፈን፣ ጥቂት ሰነድ ያስገባል፣ ይሠራለታል፣ ደስ ይለዋል። ኢንተርኔት ላይ ከገዛ አምስት ኮከብ ሰጥቶ «አሪፍ ዕቃ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጉዱ የሚወጣው ሲሞላ ነው። ያኔ ዕቃውን መመለሻው ጊዜ አልፏል፣ ሻጩም ስሙን ቀይሮ ሌላ ቦታ እየሸጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የገዢዎች አስተያየት ስታነቡ አምስት ኮከቡን ተዉትና አንድ ኮከብ የሰጡትን ፈልጉ። «ሞልቼው ፋይሎቼ ጠፉ» የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ እሱን እመኑ።

ኤክስተርናሎቹም ያው ናቸው። «16 ቴራ ኤስኤስዲ» (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) የሚል፣ ቆንጆ የብረት ሽፋን ያለው፣ በእጅ ሲያዝ ከበድ የሚል አንድ ዕቃ ከፍቼ አይቻለሁ። ውስጡ ትንሽ ሰሌዳ ላይ የተሰካች የስልክ ሜሞሪ ካርድ ነበረች። አጠገቧ የብረት ቁራጭ በሙጫ ተለጥፏል። ብረቱ ለክብደት ነው፤ ሌላ ምንም ሥራ የለውም። 16 ቴራባይት የሚይዝ እውነተኛ ሃርድ ዲስክ አለ፤ ግን ባለ 3.5 ኢንች ትልቅ ዕቃ ነው፣ የራሱ የኤሌክትሪክ አዳፕተርም ይፈልጋል። ኪስ ውስጥ ገብቶ፣ በአንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ሠርቶ፣ በዚያ ላይ ዋጋው የተራ ፍላሽ ከሆነ ፎርጅድ ነው።

ጫፉንም እዩት። ሰፊው የተለመደው የዩኤስቢ ጫፍ እውነት 3.0 (ፈጣኑ ዓይነት) ከሆነ ከፊት ካሉት 4 የብረት መስመሮች ሌላ ወደ ውስጥ ገባ ብለው 5 ተጨማሪ አሉት። 4 ብቻ ካያችሁ የድሮው 2.0 ነው፤ የ3.0 ምልክት ነው እንዲባል ፕላስቲኩን ሰማያዊ ማድረግ ለማንም ቀላል ነው። በተቃራኒው ግን 64 ጊጋ የገዛችሁት 59 ገደማ፣ 1 ቴራ የገዛችሁት 931 ጊጋ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። አምራቹና ዊንዶውስ የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም።

አሁን ወደ መፍትሔው። አዲስ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ ወይም ኤክስተርናል ስትገዙ፣ ከታመነ ቦታም ቢሆን፣ አንድም ነገር ሳታስቀምጡበት ፈትኑት። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ለሊኑክስና ለማክ ደግሞ ኤፍስሪ (F3)። ሁለቱም ዲስኩን በዳታ ይሞሉና የጻፉትን መልሰው ያነቡታል፤ ያልተመለሰው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይነግሯችኋል። ትልቅ ከሆነ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ማታ አስጀምራችሁት ተኙ። ፎርማት ማድረግ ግን ፈተና አይደለም። ፈጣኑ ፎርማት የስም ዝርዝሩን አዲስ ያደርጋል እንጂ ቦታው በእርግጥ መኖሩን አያረጋግጥም። አዲሱ ዕቃ ውስጥ ተጭኖ የመጣ ፋይል ካገኛችሁም አትክፈቱት።

ሲገለበጥም «ካት» አታድርጉ፣ «ኮፒ» አድርጉ። ከዚያ ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉት፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ፋይሎች ክፈቱ። የመጨረሻዎቹን በተለይ። ይህን ሳታደርጉ ዋናውን አታጥፉ። ላፕቶፕ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ደግሞ አስፈላጊው ነገር ቢያንስ ሁለት ሌላ ቦታ ይኑር። የመመረቂያ ጽሁፍ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የሠርግ ቪዲዮ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ፍላሹ ኦሪጅናል ቢሆንም እንኳ።

ቀድሞውኑ ገዝታችሁ ከሆነስ? መጀመሪያ መጻፍ አቁሙ። ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አታጥፉ፣ «ላስተካክለው?» ብሎ ኮምፒውተሩ ሲጠይቃችሁም እሺ አትበሉ። የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። የማይከፈተውን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእውነተኛው መጠን በላይ የሄደው ዳታ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም። ወይም ተጽፎ ሌላ ተደርቦበታል። ከዚህ ፍላሽ ላይ ሁሉንም አወጣለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሁለተኛ እየዘረፋችሁ ነው። ሊመለስ የሚችለው ዋናው የነበረበት ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ እሱንም መጠቀም አቁማችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

የሚተርፈውን ካዳናችሁ በኋላ ፈተናውን አስኪዱትና ውጤቱን ፎቶ አንሱት። «ይህን ያህል ጠፍቷል» የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ፤ በኦንላይን ከገዛችሁ ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለመሸጫ ድረ ገጹም አመልክቱ። ሻጩ «ፎርማት አድርገው ይስተካከላል» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ዕቃውንም ለሌላ ሰው አትሽጡት፣ አትስጡትም፤ ገንዘባችሁ ከተመለሰና ዕቃው እጃችሁ ላይ ከቀረ ሰብራችሁ ጣሉት።