5,000 ወይስ 10,000 ሜትር? የስቬን ክራመር ሁለት ርቀቶች

ሁለቱም የፍጥነት የበረዶ ሸርተቴ ውድድሮች ሲሆኑ የሚካሄዱት 400 ሜትር በሚዞር የበረዶ መም ላይ ነው፤ አንዱ 12 ዙር ተኩል፣ ሌላው 25 ዙር። ሆላንዳዊው ስቬን ክራመር 5,000ውን እ.ኤ.አ. በ2010፣ በ2014 እና በ2018 ኦሊምፒኮች በተከታታይ አሸንፏል። በ10,000 ግን የኦሊምፒክ ወርቅ የለውም።

በ5,000 አንዱ ዙር 30 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ጉልበትን በጥልቀት አጥፎ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይቻላል። በ10,000 ግን ጭን ሲደክም ሰውነት ቀና ይላል፤ ቀና ሲል ደግሞ ነፋሱ ይበልጥ ይገታዋል፣ የዙሩ ሰዓትም ይረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ቆጥቦ መጀመር፣ በቀጥታው ላይም እጅን ወደ ኋላ አጣጥፎ መንሸራተት ግድ ነው።

ሌላው አደጋ የመም ቅያሬ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወዳደሩት ሁለት ተፎካካሪዎች እኩል ርቀት እንዲሸፍኑ በየዙሩ ውስጥና ውጭ ይቀያየራሉ፤ በ10,000 ቅያሬው እጥፍ ስለሆነ ለስህተትም የተጋለጠ ነው። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ክራመር እየመራ ሳለ አሠልጣኙ ጌራርድ ኬምከርስ ወደ ተሳሳተው መም ላከው። ቀድሞ ቢገባም ውጤቱ ተሰረዘ፤ ወርቁ የደቡብ ኮሪያው ሊ ሱንግ ሁን ሆነ። በ2014 ደግሞ በዮሪት በርግስማ ተቀደመ፤ ይህኛው ሽንፈት ግን በመም ስህተት ሳይሆን በፍጥነት በመበለጥ የመጣ ነው።