የድሮ ኮምቢ፦ ራስ ፈትቶ ወይስ ለመካኒክ ሰጥቶ?

አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ ፎልክስዋገን ኮምቢ ልትገዛ ነው? ጎንደር ላይ ከሁለት ዓይነት ባለቤቶች አንዱን መሆንህ አይቀርም፤ ፈቺ ወይም ሰጪ።

ወጪ፦ ፈቺው የእጅ ዋጋ አይከፍልም። ግን መፍቻ ይገዛል፤ አንድ ብሎን ይሰብርና ሁለት ይገዛል። ሰጪው የእጅ ይከፍላል፤ ዕቃ የሚያፈላልገውም ብዙ ጊዜ ራሱ ነው።

ቅለት፦ ሞተሩ ከኋላ ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም፤ ለጀማሪ አያስፈራም። ሰጪው ደግሞ ቁልፉን አስረክቦ ፒያሳ ማኪያቶውን ይጠጣል። (እውነቱን ልናገር፣ እቀናበታለሁ።)

አደጋ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ይሰነጠቃል፤ የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፤ መኪናዋ ትቃጠላለች። ፈቺው ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚያይ ቀድሞ ይነቃል። ግን ቫልቩን (የሞተሩን የጋዝ መግቢያና መውጫ በር) ከልክ በላይ አጥብቆ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። የሰጪው ዕጣ በመካኒኩ እጅ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ቤንዚን ያበዛል፤ ጉልበትም ይቀንሳል። ናፍጣ ብቻ የለመደ መካኒክ ይህን ሳያይ «ሞተሩ አልቋል» ሊልህ ይችላል።

ቅዳሜ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር አድረህ ለመመለስ ከሆነ ለመካኒክ ስጣት። ሊማሊሞን ለመውረድ ካሰብክ ግን መፍታት ልመድ። ጠመዝማዛው መሐል መካኒክ የለም።