የአባቴን ወገብ ከፎቶው አስቀድመው ላዩልን የደሴ ሐኪም

ይህን የምጽፈው በደሴ ከተማ የሚሠሩ አንድ የአጥንት ሐኪምን በአደባባይ ለማመስገንና የወገብ ህመም ያለበት አርሶ አደር ወላጅ ላላችሁ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

አባቴ በኩታበር ወረዳ የሚኖሩ የ60 ዓመት አርሶ አደር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዕርፍ ጨብጠው፣ ጎንብሰው አጭደውና ነዶ ተሸክመው ስለኖሩ የወገብ ህመም ለቤታችን አዲስ አልነበረም፤ ዘንድሮ ግን ለበልግ ሲያርሱ ድንገት ይዟቸው ከመደብ መነሳት አቃታቸው። መጀመሪያ የወሰድናቸው ቦታ ገና ሳይዳስሷቸው ራጅ አስነሷቸውና «አከርካሪዎ አልቋል፤ እርሻ ይተዉ» ብለው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) አዘዙ። አባቴም ለወጪው ከጥማድ በሬዎቻቸው አንዱን ለመሸጥ ቆረጡ።

እኚህ ሐኪም ፊልሙን ስንዘረጋላቸው «አባቴ፣ በቅድሚያ እርስዎን ልይ» ብለው ወደ ጎን አስቀመጡት። ጋቢያቸውን አስወልቀው በጀርባቸው ካስተኟቸው በኋላ እግራቸውን ሳያጥፉ ቀስ አድርገው አነሱት፣ በተረከዝና በጣት አስኬዷቸው፣ ጉልበታቸውን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረጉ። ሽንት ማምለጥ፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት እንዳለ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ያልተፈላ ወተት ይጠጡ እንደሆነም ጠየቁ። የወተቱ ነገር ገርሞኝ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ በጥሬ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ አከርካሪንም እንደሚያጠቃ አስረዱኝ።

ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያነሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ራጅ አጥንትን እንጂ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግለውን ዲስክና ነርቭን እንደማያሳይ፣ ኤምአርአይ ደግሞ ሁለቱንም ቢያሳይም ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይ እንኳ ብዙ «ጉዳት» እንደሚያወጣ ነገሩን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ማጠቃለያን ጠቅሰው፣ የወገብ ህመም ከሌላቸው የ60 ዓመት ሰዎች መካከል ከ100 ወደ 88 የሚሆኑት ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ መገኘቱን ሲያስረዱ፣ አባቴ «ማረሻውም እኮ እየተበላ ነው የሚያርሰው» አሉ። ለሳምንታት ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለጥቂት ቀናት የሚወሰድ ማስታገሻና የወገብ እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው፤ ተኝተው እንዳይውሉ፣ ከተጠየቁት ምልክቶች አንዱ ከታየ በዚያው ቀን እንዲመለሱ፣ ካልታየ ግን በስድስተኛው ሳምንት እንዲቀርቡ ተነገራቸው። በቀጠሮው ቀን ያለ ምርኩዝ ገቡ፤ በሬውም አልተሸጠም።

ፎቶ የማያዝዙ ሐኪም ናቸው ብላችሁ ግን እንዳትረዱኝ። በኮምቦልቻ የምትኖረው አክስቴ ሦስት ወር ሙሉ ወገቧን እያመማት፣ ሌሊት እያላባትና እየከሳች ስትሄድ፣ ራጇ ንጹሕ መሆኑን እያዩም ሳያመነቱ ኤምአርአይ ያስነሷት እሳቸው ናቸው። የአከርካሪ ቲቢ በመጀመሪያው ደረጃ በራጅ ላይታይ ስለሚችል ነው፤ የተገኘውም እሱ ነበር፤ እግሯ ሳይዝል መድኃኒቱን ጀመረች።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከዚህ በፊት የተነሳ ፊልም ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አይጥሉትም፣ ግን ታማሚውን ሳይመረምሩ አያነቡትም።