ራይዘን 5 5600፣ 5600ጂ ወይስ ኮር አይ5 12400? መጠነኛ በጀት ይዞ ዴስክቶፕ ለሚገጣጥም

የፕሮሰሰር ዋጋ የሚታየው ብቻውን አይደለም፤ ከማዘርቦርዱ፣ ከራሙና ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ተደምሮ ነው። የኢንቴሉ ኮር አይ5 12400ኤፍ ከ12400 ትንሽ ይረክሳል። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ያለው ኤፍ «ግራፊክስ የለውም» ማለት ስለሆነ፣ ካርድ ሳይኖርዎት ከገዙት ኮምፒውተሩ ቢነሳም ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። የተረፈው ብር ካርድ መግዣ ሆኖ ከነብዙ ጭማሪው ይወጣል። በኤኤምዲ ራይዘን 5000 ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ መጨረሻው ላይ ጂ ያለው ግራፊክስ አለው፣ ጂ የሌለው (ለምሳሌ 5600) ግን የለውም።

ሁለተኛው ወጥመድ «አይ7 ነው» የሚለው ቃል ነው። ትውልዱ ሳይነገር አይ7 ብቻውን ምንም አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7 2600 እና በ2022 የወጣው አይ3 12100 ሁለቱም 4 ኮር (ሥራውን የሚሠሩ ክፍሎች) እና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) አላቸው። ሆኖም በአንድ ኮር ሥራ አይ3ው እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል፣ አሮጌው አይ7 ግን አይቀበልም። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት ሙሉ ቁጥሩን ከነመጨረሻ ፊደሉ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ እንምጣ። ሁሉም 6 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸውም 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። ልዩነታቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ራይዘን 5 5600 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው፣ 5600ጂ ግማሹን 16፣ አይ5 12400 ደግሞ 18። ሁለቱ ራይዘኖች ኤኤም4 በሚባል ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ላይ በዲዲአር4 ራም ብቻ ይሠራሉ። አይ5ው ኤልጂኤ 1700 ላይ ይቀመጣል፤ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 የሚሆነው በማዘርቦርዱ ነው፣ አንድ ቦርድም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን አይቀበልም።

ካርድ ለሌለው

ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ ቀለል ያሉ ጌሞች መጫወት ከፈለጉ 5600ጂ ይሻላል። ውስጡ ያለው ቬጋ 7 ግራፊክስ ከአይ5ው ዩኤችዲ 730 ግራፊክስ በግልጽ ይበልጣል። ይህ የሚሆነው ግን ራሙ ሁለት ፍሬ ሲሆን ነው። ቬጋው የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይዋሳል፤ አንድ 16 ጊጋባይት ፍሬ ሲሰካ መንገዱ አንድ ብቻ ሆኖ ጌሙ ይቆራረጣል። ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይግዙ፤ አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ ጀምሮ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰኩ። ከዚያ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተው ኤክስኤምፒን (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ቅንብር) ያብሩ፤ አለበለዚያ 3200 ተብሎ የተሸጠው ራም ብዙ ጊዜ በ2400 ወይም በ2666 ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው «5600ጂ ደካማ ነው» የሚለው ይህን ሳያደርግ ነው።

ለቢሮ ሥራ፣ ለሂሳብ ፕሮግራምና ለኢንተርኔት ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። እንዲያውም ለዚህ አይ3 12100 ይበቃል፤ የቀረውን ብር ራምና ኤስኤስዲ ላይ ያውሉት።

ቪዲዮ ኤዲት ለሚያደርግ

ሰፊው ልዩነት እዚህ ነው፤ ሰርግና ማስታወቂያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡት። ብዙ የዛሬ ካሜራዎች 10 ቢት 4:2:2 የሆነ (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ) ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ ኤች.265 ሲሆን ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ፈትቶ ለማጫወት ግን በጣም ከባድ ነው። ዩኤችዲ 730 ውስጥ ያለው ኩዊክ ሲንክ (የኢንቴል ቪዲዮ ማቀነባበሪያ ክፍል) ይህን ዓይነት ፋይል በሃርድዌር ይፈታዋል፣ ቬጋ 7 አይፈታውም። ከኤንቪዲያ ካርዶችም ከአርቲኤክስ 50 በፊት ያሉት አይፈቱትም። ስለዚህ አዶቤ ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ያው ፋይል በአይ5 12400 ያለ ፕሮክሲ (ለኤዲት የሚዘጋጅ ቀላል ቅጂ) ሲሄድ፣ በ5600 እና ደህና ካርድ ደግሞ ታይምላይኑ ሊንቀረፈፍ ይችላል። ለኤዲተር ምርጫው አይ5 12400 ነው፣ ኤፍ የሌለው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ግራፊክስ ካርድ ሲሰኩ ብዙ ማዘርቦርዶች የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ራሳቸው ያጠፉታል፤ ባዮስ ውስጥ ገብተው መልሰው ካላበሩት ኩዊክ ሲንክ የለም። ሁለተኛ፣ ኩዊክ ሲንክ በዚህ ትውልድ 4:2:2ን የሚያግዘው በኤች.265 ብቻ ነው። የሶኒ ኤክስኤቪሲ ኤስ በኤች.264 የሚቀርጽ ስለሆነ በ4:2:2 ከቀረጹ ሙሉ ሸክሙ ኮሮቹ ላይ ይወድቃል። ካሜራው ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ ካለው ወደዚያ ያዙሩት።

ካርድ ላለው ጌመር

እዚህ 5600 እና 12400ኤፍ በጣም ይቀራረባሉ፤ ከማዘርቦርዱ ጋር ተደምሮ የረከሰውን መውሰድ ነው። 5600ጂን ለዚህ አይግዙት። ካሹ ግማሽ በመሆኑ ጠንካራ ካርድ ሲሰካ ወደ ኋላ ይቀራል። ፒሲአይ ኤክስፕረሱም (ካርዱን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው መንገድ) 3.0 ነው፤ እንደ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በ4 መስመር ብቻ የሚገናኝ ካርድ በዚህ ምክንያት ከአቅሙ በታች ይሠራል። በርካሽ የሚቀርበው 5500ም ያው 16 ሜጋባይት ካሽና ያው 3.0 ነው ያለው፣ ግራፊክስም የለውም። ከ5600 ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ከሆነ 5500ን አይግዙት።

ማዘርቦርዱ

ለ5600 ቢ550 ጥሩ ነው፣ ያገለገለ ቢ450ም ይሆናል። ግን ቢ450 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ ራይዘን 5000 ዴስክቶፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ። ባዮሱ ካልታደሰ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም፤ ገዢው ፕሮሰሰሩ የተቃጠለ ይመስለዋል። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ አድሶ እዚያው አስነስቶ ያሳይዎ። ለ12400 ኤች610 ይበቃል፤ የራም ስሎቱ ሁለት ነው፣ ራሙንም ከፕሮሰሰሩ ይፋ ፍጥነት በላይ አይወስድም። ስለዚህ ዲዲአር4 ኤች610 ላይ ለ3600 ራም ተጨማሪ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ራይዘን 5 7600 ከሦስቱም ይፈጥናል፤ እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ትንሽ ግራፊክስም አለው። ኤኤም5 ሶኬቱ ገና ብዙ ዕድሜ ስለሚቀረው ነገ ፕሮሰሰር ብቻ ለመቀየር ያመቻል። ችግሩ ዲዲአር5 ብቻ መቀበሉ ነው። የራም ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 መገባደጃ ወዲህ በዓለም ገበያ ስለናረ፣ እጅዎ ላይ ጥሩ ዲዲአር4 ካለ እሱን የሚጠቀም ፕሮሰሰር መምረጥ ያዋጣል።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ከሚሸጡት መካከል አይ5 8500 ያላቸው የዴል ኦፕቲፕሌክሶች ለተማሪና ለቢሮ ደህና ዋጋ አላቸው፦ 6 ኮር፣ ዩኤችዲ 630፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል። 7ኛው ትውልድ፣ ለምሳሌ አይ5 7500፣ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አብቅቷል። ነገ ካርድ ጨምሬ ጌም እጫወትበታለሁ ካሉ ግን ይተውት። የቀጭኑ ሳጥን ፓወር ሳፕላይ 200 ዋት ገደማ ነው፣ የካርድ ገመድ የለውም፣ መሰኪያውም የተለመደው ዓይነት ስላልሆነ በሌላ አይተካም።

ሲረከቡና ሲገጥሙ

ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ ያገለገለ ከሆነ ገልብጠው በስልክ መብራት በአግድም ይዩት፣ የተጣመመ ፒን ከረድፉ ወጥቶ ይታያል። ኤልጂኤ 1700 ላይ ፒኖቹ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስለሆኑ የሚመረመረው ሶኬቱ ነው። ካርቶን የሌለው ፕሮሰሰር ማራገቢያ አብሮት ላይመጣ ይችላል፤ ዋጋ ሲያወዳድሩ ይደምሩት። ለ5600ም ሆነ ለ12400 ከካርቶኑ የሚወጣው ማራገቢያ ይበቃል።

ራይዘን ላይ ማራገቢያውን ሲያነሱ በቀጥታ አይሳቡት። ተርማል ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ከቀዘቀዘ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ነቅሎ ይዞ ይወጣል፣ ፒንም ይጣመማል። ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያህል አሠርተው ያሙቁት፣ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ ማራገቢያውን ከማሰሪያው ፈትተው ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞሩ ያላቁት፣ ከዚያ ወደ ላይ ያንሱ። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሃል ላይ ያድርጉ።