ለኖርዊቿ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው የአማቴን አያት ከድሮ መዝገብ ፈልጋ ያገኘችልንን ሴት ለማመስገንም፣ እናንተን ለመጠቆምም ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፣ በተለይ እንደ እኔ ከዚህ አገር ሰው ጋር ትዳር ይዛችሁ ልጆች የወለዳችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አማቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ተወልደው ያደጉት ኖርፎክ ነው፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ገጠር። ስለ አያታቸው የሚያውቁት ስሙን፣ የሰው እርሻ ላይ በቀን ሥራ ይተዳደር እንደነበርና ዴረሃም ከምትባለው ከተማ አጠገብ መኖሩን ብቻ ነበር። አባታቸው ስለ ሰውየው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በስልክ ነው ያስጠናቸው። በአባታቸው በኩል ግን አራተኛው ላይ ሲደርሱ ስም ብቻ ይዘው ይቆማሉ። ትንሿ ልጄ "የእናንተስ ለምን አጠረ?" ብላ ስትጠይቃቸው አማቴ መልስ አጡ። እኔም አንጀቴን በላኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው የዘር ሐረግ አጣራለሁ የሚል ሰው ነው፣ በኢንተርኔት። ገንዘቡን ቀድሞ ተቀበለና ጠፋ። ስንደውል አያነሳም። ስንጽፍ "እየሠራሁበት ነው" ይላል። በስንት ልመና የላከልን ዓርማ የታተመበት፣ አንበሳ የተሳለበት ወፍራም ወረቀት ነበር። አማቴን የባላባት ዘር አድርጓቸዋል። አንብበው ሲጨርሱ "ይሄ እኛን አይመስልም" ብለው አጣጥፈው አስቀመጡት። እኔን ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም። አንድ ሽማግሌ የገዛ አያታቸውን ቢጠይቁ የማያውቁትን ሰው አያት ሰጥቶ መሸኘት ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ሌላው ድርጅት በየወሩ ከባንካችን መቁረጥ እንጂ ጥያቄያችንን መስማት አያውቅም። ሦስተኛ ቦታ ስልክ ያነሳችው ሴት ደግሞ "የቀን ሠራተኞች መዝገብ ላይ ብዙም አይገኙም፣ ባትደክሙ ይሻላል" አለችን። ያቺ ንግግር እስካሁን ታመኛለች። ድሃ ስለሆነ አልኖረም ማለት ነው?

ኖርዊች ከተማ ያለውን፣ የድሮ መዛግብት የሚቀመጡበትን የኖርፎክ መዝገብ ቤት የጠቆመን ጎረቤት ነው። ከካውንቲው ምክር ቤት ሕንፃ አጠገብ ነው። መግቢያው በነፃ ነው። እዚያ ነው እሷን ያገኘናት። ስሟን አደባባይ እንዳላወጣው ለምናኛለች፣ "ሥራዬን ነው የሠራሁት" ብላ። ስለዚህ ስሟን ትቼ ሥራዋን ልናገር።

ያን ባለ አንበሳ ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበበችው። አልሳቀችብንም፣ ማንንም አልሰደበችም። ተነስታ ሄደችና የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብ ይዛ መጣች። ጣቷን ጽሑፉ ላይ ሳታሳርፍ ከመስመሩ በታች አድርጋ አሳየችን። ስሙ ያው የአማቴ አያት ስም ነው። ዕድሜ፦ ሦስት ዓመት። "ይሄ ልጅ በሦስት ዓመቱ ነው የተቀበረው። የማንም አያት ሊሆን አይችልም። የእናንተ ሰው ሌላ ነው፣ እንፈልገዋለን" አለች። ያ ሁሉ ብር የተከፈለበት የዘር ሐረግ የተንጠለጠለው በዚህ ምስኪን ሕፃን ላይ ነበር!

ከዚያ እንዴት እንደሄደች አትጠይቁኝ። የድሮ መዝገብ የተቀረጸበትን ፊልም በማሽን ታሽከረክራለች፣ መዝገብ ታስመጣለች፣ በእርሳስ ትጽፋለች (እዚያ እስክሪብቶ ክልክል ነው)። እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። የሰው ሁሉ ስም በአገር አቀፍ ደረጃ ተመዝግቦ የተቀመጠው ግን ከ1841 ወዲህ ነው። የዚያ ዓመቱም ቢሆን የአዋቂዎችን ዕድሜ በአምስት ወደሚካፈል ቁጥር ወደ ታች እያወረደ ስለሚጽፍ ያሳስታል። የተወለዱበት አጥቢያ የሚገኘው ከ1851 ጀምሮ ነው። ይህን ሁሉ ስታስረዳ አማቴን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ፣ እንደ ቤቱ ሰው ነበር የምታናግራቸው።

አገኘችውም! በ1871ቱ ቆጠራ በእንጀራ አባቱ ስም ተመዝግቦ ነው ተደብቆ የኖረው። ያንን ማን ያስባል? የእናቱን ጋብቻ ተከትላ ነው የደረሰችበት። ዕድሜው አሥር ዓመት። ሥራ በሚለው ዓምድ ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? ወፍ አባራሪ። የዚያ አገር ልጆች እህል ሲዘራ የእንጨት ማንኳኳያ ይዘው ቁራ ሲያባርሩ ይውሉ ነበር አለችን። እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። አባቴ በልጅነቱ ወሎ ውስጥ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ ሲጠብቅ ነው ያደገው። እጁ ላይ የወንጭፉ ገመድ የተወው ጠባሳ ነበረው፤ ትንሽ ሳለሁ በጣቴ እየነካሁ "ያማል?" እለው ነበር። አማቴ ይህን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክርስትና የተነሳበትን መዝገብ ከማውጣቷ በፊት ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ቀጥሎ የማሳይዎት ገጽ ላይ የአባት ስም የለም። አሁን ማየት ይፈልጋሉ? ወይስ ሌላ ቀን፣ ብቻዎን?" አለቻቸው። ጥቂት አሰቡና "አሁን፣ ከእነሱ ጋር" አሉ። የእናትየው ስም አለ። የአባት ቦታ ባዶ ነው። ሥራ በሚለው ሥር "ያላገባች" የሚል ተጽፏል። የወለደችው ግሬሰንሆል በምትባል መንደር በነበረው የድሆች ማደሪያ ውስጥ ነው፣ በ1860። ያኔ እዚያ ያላገቡ እናቶች የሚለዩበት ጃኬት ይለብሱ እንደነበር፣ ይህም የቀረው በ1866 መሆኑን ነገረችን። አማቴ አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ለምን ዝም እንዳሉ ያን ቀን ገባቸው። ይህች ሴት ያቺን አንዲት ጥያቄ ባትጠይቅ ኖሮ እንዴት እንደሚሆኑ አላውቅም። ለሽማግሌ ክብር መስጠት ማለት ይሄ ነው።

የ1911ዱን ቆጠራ ደግሞ ስሙ። የዚያ ዓመቱ ቅጽ ቤተሰቡ በገዛ እጁ የሞላው ነው የተቀመጠው። ያገቡ ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ እንደሞተ ይጠየቃሉ። ሰውየው ያኔ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ጥያቄው እሱን አይመለከተውም። እሱ ግን ሞልቶታል። ዘጠኝ ተወለዱ፣ አምስት አሉ፣ አራት ሞተዋል። የመንግሥት ጸሐፊ በቀይ ቀለም ሰርዞታል። "የተሰረዘውን አትለፉት፣ አንብቡት" አለችን። ሲያገባ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት ያደረገ ሰው፣ በሃምሳ ዓመቱ በተንቀጠቀጠ እጅ ስሙን ጽፎ ከሥሩ ፈርሟል። ማንም ሳይጠይቀው የሞቱበትን ልጆች ቆጥሯል። "አይገኙም" የተባሉት የቀን ሠራተኛ ይኸው!

እሷ በዚህም አልተወችንም። ከጊዜ በኋላ አማቴ ቤት ፖስታ መጣ። የአራቱን ልጆች የቀብር መዝገብ በራሷ ጊዜ ፈልጋ፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን በንጹሕ እጅ ጽሑፍ አሰናድታ ልካለች። ምንም አላስከፈለችም። አማቴ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡልን። ልጆቼ አሁን እነዚያንም ያውቋቸዋል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። እጅሽ ይባረክ። የሰማንያ ዓመት ሰው አሳረፍሽ።

እናንተም የምትፈልጉት ሰው ኖርፎክ ከሆነ ለማንም ብር ሳትልኩ እዚያ ሂዱ። ሌላ ካውንቲ ከሆነም የራሱ መዝገብ ቤት ይኖረዋል፤ በቅድሚያ እሱን ጠይቁ። ስትሄዱ መታወቂያና አድራሻችሁን የሚያሳይ ደብዳቤ ያዙ። እርሳስ አትርሱ። የልደት ወረቀትም ሆነ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶ፣ ቤት ያለውን ሁሉ ውሰዱ። እዚህ አገር ልደትና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው የሚያዋጣው። የቆጠራው መዝገብ መቶ ዓመት ካልሞላው ለሕዝብ አይከፈትም። የ1921ዱ በ2022 ተከፍቷል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፣ በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተቆጠረም። ስለዚህ ያን ዘመን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሏችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውን ቅዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሰዓቱን አረጋግጡ፤ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የማታውቁትን ሁሉ ሳታፍሩ ጠይቁ።