ለሴሊካዬ አንደርስቲር መፍትሔ ያገኘሁበት የኮምቦልቻ ጋራዥ

ወገን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ መኪናቸውን ከልብ ለሚወዱ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫው አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ የሴሊካዬን እግር አሠርቼ ወጣሁ። በሥራው በጣም ረክቻለሁ። ያልወደድኩትም ነገር አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ የመጨረሻዋ ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ በፈረንጅ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው። ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ላይ ነው ያለው፣ የምትጎተተውም በፊት ጎማ ነው። የፊቶቹ ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ያዞራሉ፣ አብዛኛውንም የፍሬን ሥራ ይሸከማሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ ቀድመው አቅም የሚያጡት እነሱ ናቸው። መሪውን ታዞራላችሁ፣ አፍንጫዋ ግን ወደ ውጭ መግፋቷን ትቀጥላለች። አንደርስቲር የሚባለው ይኸው ነው። ፋብሪካዎች ሆን ብለው ትንሽ ይተዉታል፣ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሹፌር ኋላው ከሚያመልጥ ፊቱ ቢገፋ ይሻለዋል። የኔዋ ግን ከትንሽ አልፋ ነበር።

ሀረጎን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ የሚያውቅ ይገባዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው፣ ያውም እየተጠማዘዘ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊቱ ይቀላል፣ እናንተ ደግሞ ዳገቱን ለመግፋት ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ያን ጊዜ ያ የቀለለ ጎማ መጎተትም ማዞርም አብሮ ሲጠየቅ ሁለቱንም አይችልም። ኩርባው ወደ ቀኝ ከሆነ የምትገፉት ከላይ በሚወርደው ተሳቢ መስመር ላይ ነው። ወደ ግራ ከሆነ ደግሞ ወደ መንገዱ ዳር። ስለ ውድድር አይደለም የማወራው፣ ሀረጎ ላይ ማንም መወዳደር የለበትም። በደህናው ፍጥነት፣ ዝናብ ጠብ ሲል፣ መኪናችሁ ስታዞሯት እንድትዞር ስለመፈለግ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ኮንቨርጀንሳ (የጎማ አሰላለፍ ማስተካከያ) አሠርቼ ነበር። የጎማዎቹን አቅጣጫ ብቻ አስተካክለው "አልቋል" አሉኝ። ካምበሩን (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዝመሙን) ያየው ሰው የለም፣ ወረቀትም አልሰጡኝም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ኩርባ ላይ ግን ያው ናት።

የኮምቦልቻው ጋራዥ ባለቤት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ችግሩን ስነግራቸው "አብሽር፣ መጀመሪያ እንያት" አሉኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ማሽኑ አልወሰዷትም። ጎንበስ ብለው የፊት ጎማዎቹን በእጃቸው ዳበሱ። የውጭው ጠርዝ ከውስጡ በግልጽ ተበልቷል። "ይኸው፣ ኩርባ ላይ ስትጋደም ጎማው በውጭ ትከሻው ብቻ ነው የሚቆመው" አሉኝ። ንፋሱንም ለኩ። ሹፌር በር ላይ ከተለጠፈው ቁጥር በጣም አልፏል። ጎማው ስለሞቀ ወዲያው አላጎደሉትም፣ እስኪበርድ አስጠበቁኝ። ልክ ናቸው፣ በ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ብቻ ንፋሱ ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይለወጣል፣ የደሴ ጠዋትና የኮምቦልቻ ቀትር ደግሞ ከዚያም በላይ ይራራቃሉ።

ቀጥሎ መኪናዋን ሰቅለው ቴስቲናውን (የእግሩን ኳስ መጋጠሚያ)፣ ቦኮላዎቹን (የክንዱን መጋጠሚያ ላስቲኮች)፣ አሞርዛተሩን አንድ በአንድ እየነቀነቁ አዩ። የፊት የታችኛው ክንድ ቦኮላዎች ተሰነጣጥቀዋል። እዚህ ላይ የተናገሩትን ሁሉም መካኒክ ቢሰማው ደስ ይለኛል፦ ቦኮላ ካለቀ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር የቆመ መኪና ቁጥር ነው፣ ኩርባ ውስጥ ገብታ ስትጫን ክንዱ ይሸሻል፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦኮላው ተቀየረ። የመጨረሻውን ማጥበቅ ያደረጉት ደግሞ መኪናዋ ወርዳ በራሷ ጎማ ከቆመች በኋላ ነው። ተሰቅላ እያለች ከታሰረ ላስቲኩ ስትወርድ ተጣሞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ይህን ሳይጠየቅ የሚያደርግ ሰው ብዙ አይገጥማችሁም።

ከዚያ ካምበሩ። ሴሊካ ላይ ፊት ለፊት ያለው የማክፈርሰን ስትራት (አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ የተያያዙበት) ነው፣ ካምበሩን ለማስተካከል ብዙ ቦታ አይሰጥም። እሳቸው ስትራቱን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ቦሎኖች የላይኛውን አውጥተው ለካምበር ተብሎ በሚሠራው ቀጠን ባለው ቀየሩት። የጎማው አናት ትንሽ ወደ ውስጥ ዘመመ። ማሽኑ መጀመሪያ ያሳየው በግራ ከዜሮ በታች 0.3፣ በቀኝ ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.2 ዲግሪ ነበር። አሁን ሁለቱም ከዜሮ በታች 1.4 ላይ ናቸው። ቶውን (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን) መጨረሻ ላይ ዜሮ አደረጉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፣ ካምበር ሲነካ ቶው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቶውን ቀድሞ አስተካክሎ ካምበሩን የሚነካ ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

"ከዚህም በላይ አይዘምልኝም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ይቻላል፣ ግን የውስጡ ጠርዝ ቶሎ ይበላል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዝም ጎማው ሙሉ በሙሉ መሬት አይነካም። በየቀኑ ለምትነዳ መኪና 1.4 ይበቃታል ባይ ናቸው። እኔም ነድቻት ሳየው በዚህ እስማማለሁ።

የተከራከርነው በኋላው ስቴቢላይዘር ባር (የግራና የቀኝ ጎማውን አያይዞ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳትጋደም የሚይዘው ብረት) ላይ ነው። ወፍራም ባር ብናስገባስ አልኳቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የኋላው ባር ሲጠነክር ኩርባ ላይ የሚተላለፈው ጭነት በብዛት በኋላ በኩል ያልፋል፣ ፊቱ ይቀለዋል፣ አንደርስቲሩ ይቀንሳል። ውጤቱም ቀላል አይደለም። የባር ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው፣ 10 በመቶ ብትወፍር ወደ 46 በመቶ ትጠነክራለች። እሳቸው ግን አልወደዱትም። "ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድስ?" አሉኝ። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ኋላው ይቀላል። ጭጋግ ውስጥ ኩርባ ገብታችሁ ሲኖትራክ ድንገት ብቅ ሲል ከነዳጅ ላይ እግራችሁን ታነሳላችሁ። ያን ጊዜ የኋላው ባር ጠንካራ ከሆነ፣ መንገዱም ረጥቦ ከሆነ፣ ኋላው ነው የሚያመልጣችሁ። ወደ ዳገቱ ስትወጡ የሚጠቅማችሁ ባር ስትወርዱ ሊገለብጣችሁ ይችላል ማለት ነው። ባር ሸጠውልኝ ገንዘብ ማግኘት ይችሉ ነበር። አልሸጡልኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ አክብሬያቸዋለሁ።

ውጤቱ? ሀረጎን ስወጣ ልዩነቱ መሪው ላይ ይሰማኛል። ኩርባው ወገብ ላይ መሪውን መጨመር ቀረ፣ አንዴ የያዝኩት ይበቃል። ነዳጅ ስሰጣት አሁንም ትንሽ ትገፋለች፣ የፊት ጎማ የሚጎትታት መኪና ናትና ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ወደ ገደሉ የመሸሿ ነገር ግን የለም። አስፋልቱ የተጎዳበት ቦታ ላይ መሪው ከበፊቱ በትንሹ ይበልጥ ይወዛወዛል፣ በሁለት እጅ መያዝ ነው።

አሁን ያልወደድኩት። አንደኛ፣ ወረፋው ያሰለቻል። ስልክ ደውዬ ሰዓት አስይዣለሁ፣ ቢሆንም ከኔ በፊት ሚኒባስ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ከተራ ኮንቨርጀንሳ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ቦኮላው ሳይጨመር። ለሥራው ይገባዋል፣ ግን አስቀድመው ቢነግሩኝ እመርጥ ነበር። ሦስተኛ፣ የሙከራ ጉዞውን የሄደው ረዳታቸው ለብቻው ነው። የመኪናው ባለቤት አጠገቡ ቢቀመጥ ችግሩ የት እንደሚሰማ ያሳየዋል። ይህን ነግሬያቸዋለሁ፣ በቅንነት ነው የሰሙኝ። ጥሩው ነገር የፊትና የኋላ ጎማዎቹን ቁጥር ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ የሚያሳይ ወረቀት አትመው ይሰጣሉ። ወረቀቱን አስቀምጡት፣ ሌላ ጊዜ መኪናችሁ ጉድጓድ መትታ ብትጣመም ከምን እንደተነሳችሁ ታውቃላችሁ።

ለመሄድ ካሰባችሁ የጎማችሁን ንፋስ አትንኩ፣ እንዳለ እንዲለኩት። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ የምትጭኑትን ዕቃ አውርዱ፣ ክብደት የመኪናዋን ቁመት ይለውጣል፣ ካምበሩም ቶውም አብሮ ይለወጣል። የፊት ጎማችሁ ያለቀ ከሆነ መጀመሪያ ጎማ ግዙ፣ ያለቀ ጎማ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ባክኗል። አርብ ከሆነ ደግሞ በጠዋት ግቡ፣ ለጁምዓ ዘግተው ይሄዳሉ፣ ከሰዓት በኋላ የመጣ መኪና ለቅዳሜ ያድራል።